በስቅለት የምትወጣው ቆብ

ወሬው ሲደርሰኝ የሽማግሌውን እግር እያጠብኩ ነበር። ስልኬ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሆኖ ጠራ፤ እጄ ሳሙና ስለ ነበር በክርኔ ተጭኜ አነሳሁት። ወንድሜ ነው፣ ከደባርቅ። እሱ ከደወለ የጤናውን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጨርስ ወደ ጉዳይ አይገባም። ያን ቀን ግን ሰላምታም አልነበረው።

«እታለም፣ የላክሽው ፎቶ ላይ ያለችው ቆብ የኛዋ ናት» አለኝ። «መምሬ ተገኘ ከዕቃ ቤት አውጥተው ሲያስተያዩ ዋሉ። ኮሸሽላው ያው ነው፣ ዘርፉም ያው ነው። ግንባሯ ላይ ከተጠለፉት ቁጥሮች ሁለቱ በኛዋ ላይ ተልጠዋል፤ የቀሩት ግን አንድ ናቸው።» «ለሰው እንዳታወሪ» ብሎ ጨመረ።

የነገሩ ባለቤት ግን እግራቸውን ገንዳው ውስጥ እንደ ነከሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አማርኛ አይሰሙም። ፊቴን ግን ዓመታት ሲያዩት ኖረዋል። «አገኟት?» አሉኝ በቋንቋቸው። ፎጣውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እግራቸውን አስቀመጥኩበትና «አገኟት» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ማን እንደ ነበርኩ ላስረዳ። ፈንታዬ እባላለሁ። የተወለድኩት ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው በኩል፣ መኪና ከሚቆምበት ገመገም በታች ካለች መንደር ነው። ዳባት ተምሬ፣ እዚያው አግብቼ፣ ባሌንም እዚያው ቀብሬ፣ በኋላ እግዚአብሔር በፈቀደው መንገድ ስኮትላንድ ገባሁ። ሥራዬ ጉልበት የከዳቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞሩ ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ነው። በኛ አገር ይህ ለወለደ አባት የሚደረግ ነው። እኔ ግን ለማላውቃቸው ሰዎች በደመወዝ አደርገዋለሁ። ጾሜን አልፈታም፤ ብስኩት እንኳ ቅቤ እንዳለው ጀርባውን ሳላነብ አልቀምስም፣ ሰዎቹም ይስቁብኛል። ድካሜ የወገብ ብቻ አልነበረም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ቀለል ይለኛል፤ ሰኞ የመጀመሪያውን በር ሳንኳኳ ያው ክብደት ትከሻዬ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ጸሎቴ በአንድ በኩል፣ ሥራዬ በሌላ በኩል ሆነው እኔ መካከል ላይ የምዝል ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው ጄምስ ይባላሉ። እኔ ጋሽ ጄምስ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የአባታቸውን ፎቶ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ብርጭቆውን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሳየው ደነገጥኩ። ክንዱን አጣምሮ የቆመ ወጣት ነው። ራሱ ላይ የከፋይ ቆብ ደፍቷል። ከቆቡ ጫፍ የወርቅ ክር ዘርፍ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ግንባሩ ላይ ኮሸሽላ ተጠልፏል።

ለምን እንደ ደነገጥኩ የኛ ደብር ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ልንገር። በኛ መድኃኔዓለም በስቅለት ቀን ሥዕለ ስቅለቱ ወጥቶ ሲቆም፣ ከላዩ ላይ አንዲት ሰማያዊ የከፋይ ቆብ ትንጠለጠላለች። የእሾህ አክሊሉ ምሳሌ ናት ይባላል፤ ኮሸሽላ እሾህ ነዋ። ከኢየሩሳሌም የመጣች ናት የሚሉም ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእሷ ሥር ሰግጃለሁ። ባሌ የታመመ ዓመት ግንባሬ እስኪላጥ የሰገድኩት እሷን እያየሁ ነው። አሁን በባዕድ አገር፣ በማላውቀው ጎረምሳ ራስ ላይ አየኋት።

«አባትዎ ካህን ነበሩ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽ ጄምስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና በብዙ ቀን፣ በቁርጥራጩ፣ ታሪኩን አወሩኝ።

አባታቸው አንድሩ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነበር፤ ራሱም በልጅነቱ ጉድጓድ ወርዷል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ለከተማው ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወታል፤ ሲሮጥ ያየው ሁሉ ነፋስ ነው ይለው ነበር አሉ። ያን ጊዜ፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ኳስ ተጫዋች ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናያቸው ባለጸጋ አልነበረም። ቅዳሜ ያጨበጨቡለት ሰው ሰኞ ከእነሱው ጋር ጉድጓድ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ለአገሩ ቡድን ተመረጠ፤ ጨዋታው ከእንግሊዝ ጋር ነበር። ለአገሩ የተጫወተ ሁሉ ቆብ ይሰጠዋል፣ የዚያ አገር ወግ ነው። የስኮትላንድ ምልክት ኮሸሽላ ስለሆነ እሱና የጨዋታው ዓመት ይጠለፉበታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ እግሩ ሥር ገባች። በረኛው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ ነው። አንድሩ ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ተሸነፉ።

«ቆቧ በፖስታ መጣችለት» አሉኝ ጋሽ ጄምስ። «ሰው መንገድ ላይ እየተፋበት ሳለ።»

ዳግመኛ አልተመረጠም። ለከተማው መጫወቱን ቀጠለ፤ ኳስ በነካ ቁጥር ግን የገዛ ሰዎቹ ያፏጩበት ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጉልበቱን ጥይት አገኘው፣ ኳሱም በዚያው ቀረ። የጭነት መኪና ነጂ ሆነ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ቁስለኛ ለማከም ከመጡት ፈረንጆች ጋር መኪና እየነዳ ወደ ስሜን ዘለቀ። ተመልሶ ካረጀ በኋላ አግብቶ ጄምስን ወለደ፤ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር አባትየው ሞተ። እናትየዋ ስለ ቆቧ የተናገረችው «እዚያ ተራራ ላይ ለቄሶች ሰጣት» የሚል ብቻ ነው፣ እሱንም በንዴት።

«ከቆቧ ጋር ብቀበር እወዳለሁ» አሉኝ ጋሽ ጄምስ። «የእሱ የሆነ ሌላ ምንም ነገር የለኝም።»

ይህንን ለወንድሜ እንዳለ ነገርኩት። ቄስ ነው፤ ሰው ፊት አንቱ፣ በስልክ አንተ እለዋለሁ። ከገበዙ ከመምሬ ተገኘ ጋር ተማክሮ መልሱን አመጣ፦ ንዋየ ቅድሳት አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ካህን ካልሆነም አይነካውም፤ ሰውየው መጥተው በዓይናቸው ይዩ። ለጋሽ ጄምስ ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው። «እሺ» አሉ። ሻንጣቸውን ሳዘጋጅ ግን በሸሚዞቹ መካከል ቆብ የሚያህል ባዶ የካርቶን ሳጥን ሸጉጠው አገኘሁ። መልሼ ሸፈንኩት።

ሐኪማቸው ልብዎ ከፍታ አይችልም ብሎ ነበር። ቢሆንም በአውሮፕላን ጎንደር ወረድን፣ ከዚያ ጌጡ የሚባል የዳባት ልጅ በመኪናው ወሰደን። ጌጡ መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ኳስ ነው። ዳባት ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ፈረንጁ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆኑ ጠይቂልኝ አለ። ጠየቅሁ። የማንም አይደለሁም አሉ። ጌጡ እንዲህ ያለ ፈረንጅ ዘንድሮ ገና ማየቱ ነው፤ እስከ ደባርቅ ድረስ በመስታወቱ እየሰረቀ አያቸው።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ያለቀበት ገመገም ላይ ቃሬዛ ይዘው ጠበቁን። ወንድሜም አብሯቸው ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጋቢውን አውልቆ ጋሽ ጄምስን ጠቀለላቸው። ሲያነሷቸው ከፊት ያለው ዞር ብሎ «ፈረንጅ ስትሉን ስምንት ሆነን መጣን፤ ይሄማ የገብስ ነዶ ነው» አለ፣ ሳቁ። ጋሽ ጄምስ ምን አሉ አሉኝ። ቀላል ነዎት ይላሉ አልኳቸው። ለዚህ ሥራ ማን ይከፍላቸዋል ብለው ጠየቁ። ማንም፣ አልኩ፤ ነገ ጎረቤታቸው ቢታመም እሱንም በየተራ ይሸከሙታል።

ቁልቁለቱ ላይ ወንድሜ ወደ ኋላ ቀርቶ ከእኔ እኩል ሄደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ እንደሚጠብቅ፣ መምሬም በሰው ፊት መጠየቃቸው እንደማይቀር ነገረኝ።

«አባትየው ሐኪም ነበር በይ» አለኝ። «ሐሰትም አይደለ፣ ከሐኪሞች ጋር መጥቷል። ይህ ሁሉ ሰው የልጁን፣ የባሉን ነገር ይዞ ሰግዶባታል። ኳስ ብለሽ አታፍርሺበት።»

ዓይኔ ቃሬዛው ላይ ነበር። የጋሽ ጄምስ ከንፈር ጠቁሯል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። እዚህ ሜዳ ላይ ቢሞቱብኝ ማንን አቤት እላለሁ እያልኩ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ ሳልጨርስ፣ ደግሜ ጀምሬ ሳልጨርስ ደረስን።

ሕዝቡ በቅጽሩ ሣር ላይ ወንዱ በአንድ፣ ሴቱ በአንድ ወገን ተቀምጧል። ቃሬዛውን ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ከወይራው ሥር አሳረፉት። ጋሽ ጄምስን ደግፈን ቀና አደረግናቸው። መምሬ ተገኘ ከዕቃ ቤት ወጡ፤ በሁለት መዳፋቸው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ቆቧ። ሰማያዊነቷ አመድ ሆኗል። ዘርፏ ሳስቷል። ኮሸሽላው ግን እንዳለ ነው። ጋሽ ጄምስ የራሳቸውን ቆብ አወለቁ። እጃቸው ሊነሳ ሲል በሌላው እጃቸው ያዙት።

መምሬ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየመዘኑ ይናገራሉ።

«ወንድሜ፣ እንኳን ደኅና መጡ። አባትዎ ይህችን ትተውልን ሄዱ። አባቶቻችን ተቀበሏት፤ ስማቸውንና ግብራቸውን ግን አላቆዩልንም። ምን ነበሩ አባትዎ?»

ተረጎምኩ። ጋሽ ጄምስ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መለሱ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜ መስቀሉን እንደ ጨበጠ ያየኛል። ሐኪም የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አጭር ናት፤ ብላት ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን የቆምኩት ቅጽር ውስጥ ነው። ሰውየውም እዚህ ድረስ ልባቸውን ይዘው የመጡት በእኔ አፍ ታምነው ነው።

«እንዲህ ይላሉ» አልኩ። «አባቴ ኳስ ተጫዋች ነበር። አንድ ቀን ለአገሩ ተጫወተና ሳተ። ሰው ተፋበት። ይህች ቆብ የዚያ ቀን ናት።»

ከኋላ አንድ ሰው «እንግዲያ ለኳስ ስንሰግድ ኖረናል በሉኛ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ከሴቶቹ ወገን ደግሞ ልጇን በስለት ያገኘች አንዲት እናት አንገቷን ደፋች። ጉምጉምታው ከፍ አለ። ጌጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባዶ ጎል ነው የሳቱት?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከሴቶቹ መካከል እማሆይ ትብለጥ ተነሡ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሰው ዝም እስኪል በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«እናቴ ያጠበችው ሰው ነው» አሉ። «ተስቦ ይዞት ከዚያ ከገመገሙ በቃሬዛ አምጥተው እኛ ቤት አስተኙት። ጎረቤቱ ሁሉ ሸሸ፣ ተስቦ ነዋ። እናቴ እንደ ሕፃን አጠበችው፣ አጎረሰችው። አባቴ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በሽታው ወደ እሱ ተሻግሮ ገደለው። እኔ በሆዷ ነበርኩ።»

በመቋሚያቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከቱ ቀጠሉ።

«ፈረንጁ ዳነ። በስቅለት ቀን ያንን አንካሳ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሰው ሲሰግድ አየ። የሚሰጠው የለው፣ የሚናገርበት አፍ የለው። ከኮሮጆው ይህችን አወጣና ከሥዕሉ እግር ሥር አኑሮ አለቀሰ። እናቴ፣ ምን እንደሆነች አላውቅም፣ ሲያስለቅሰው የኖረ ነገር መሆኑን ግን አይቻለሁ ትለኝ ነበር። እሾሁን አይተው አክሊል ያሏት ካህናቱ ናቸው። እሱ በምን ቋንቋ አይደለም ይበላቸው?»

ይህንን ስተረጉም፣ አጠበችው የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ጋሽ ጄምስ እማሆይን ብቻ ያዩ ነበር፤ አባቷ ለእሳቸው አባት ሲል የሞተባትን ሴት።

መምሬ ተገኘ ቆቧን እንደ ያዙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እኛ ለቆብ አልሰገድንም፤ ለተሰቀለው ነው የሰገድነው። ከኢየሩሳሌም መጣች ያልን እኛ ነን፣ እሱ አላለንም። ሰው የተዋረደበትን ዕቃ አምጥቶ ከተዋረደው ጌታ እግር ሥር ቢያኖር ጥፋቱ ምን ላይ ነው?»

ያ ከኋላ የተናገረው ሰውዬ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

ያኔ ጋሽ ጄምስ ሻንጣቸውን አሳዩኝ። ሳጥኑን እንዳመጣላቸው ነው። ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ስጡኝ ሊሉ ነው፣ እኔም ልተረጉም ነው። አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ወደ መምሬ ዘረጉት።

«ብል እየበላት ነው» አሉ። «እዚህ ውስጥ ትቀመጥ። እኛ ከተማ አሁንም ስሙ ሲነሳ ይስቃሉ። እዚህ ትቅር።»

መምሬ ሳጥኑን ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት። ጋሽ ጄምስ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ስሙን የሚጠራ ሰው እንዲኖር። መምሬ አሰቡበት። ሰውየው በኛ ጥምቀት ስላልተጠመቀ በቅዳሴ ስሙ እንደማይነሳ ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። ቀጥለው «ነገር ግን ከዚህ ከወይራው ሥር ሰው የባለውለታውን ስም ቢጠራ ማን ይከለክለዋል?» አሉ። ጋሽ ጄምስ «አንድሩ» አሉ። ሕዝቡ ተቀበለው፤ ሽማግሌዎቹ እንድርያስ አሉት፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስንመለስ ወንድሜ ራሱ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ያዘ። መኪናው ዘንድ ስንደርስ ላቡን ጠረገና «ሐኪም ብትይ ኖሮ እማሆይ አይነሡም ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም።

ጋሽ ጄምስ የዚያን ክረምት አላለፉትም። ሌሊቱን አርፈው ጠዋት ስገባ አገኘኋቸው፤ ያጠብኳቸውም እኔ ነኝ። አንባቢዎቼ፣ ተአምር ልነግራችሁ አልፈልግም። ዛሬም ሰኞ ሰኞ ወገቤን ያመኛል፣ ዛሬም በሩን ሳንኳኳ እተነፍሳለሁ። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋት የእማሆይ እናት ተስቦ የያዘውን ባዕድ ስታጥብ አስባታለሁ፤ ያኔ ጸሎቴንና ሥራዬን የለየሁበት ድንበር ይጠፋብኛል። እናንተም የሰው እግር ካጠባችሁ በኋላ ሰኞ የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ ይህንን ለእናንተ ጻፍኩት።

ከጋሽ ጄምስ ጋር በቆቧ ፋንታ የተቀበረው ያ ተሸካሚው የጠቀለላቸው ጋቢ ነው። መኪናው ሲነሳ እንደ ተጠቀለሉበት ነበሩ፤ ባለቤቱ አልጠየቀም፣ እኔም በድካም ማን እንደሆነ ሳላይ ቀረሁ። የቀብሩ ሰዎች ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ የአገራቸው ልብስ ነው አልኳቸው።

እንግዲህ ያን እሑድ በመድኃኔዓለም ቅጽር የነበራችሁ ሁሉ፣ ልመናዬ ይህ ነው። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ለስቅለት መድረስ አልችልም። ቆቧ ከሳጥኗ ወጥታ ስትሰቀል፣ ስግደቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ከእናንተ አንዱ ከወይራው ሥር ቆም ይበልና አንድሩ ብሎ ይጥራልኝ። እንድርያስም ቢለው ይሰማል። ጄምስንም ይጨምርበት። የጋቢው ባለቤት ይህንን ካነበብክ ግን፣ እባክህ፣ የምትጠራው አንተ ሁን።